የቢሻሪ ቡና በቁጥር ነው የሚታወቀው

ውጭ አገር በውድ ዋጋ በሚሸጥ የኢትዮጵያ ቡና ከረጢት ላይ «74110» ወይም «74112» የሚል ቁጥር ይታያል። የጥራት ነጥብ ወይም የጭነት መለያ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የዝርያ ስም ነው። የሁለቱም እናት ዛፎች የተመረጡት ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ አካባቢ ካለችው ቢሻሪ ነው። «74» የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974።

ነገሩ የጀመረው በመከራ ነው። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ ሳይበስል አጥቁሮ ያደርቀዋል። የውጭ ምንዛሪዋን በቡና ለምታገኝ አገር ይህ የገበሬው ጭንቀት ብቻ አልነበረም። የጅማ ቡና ምርምር ሰዎች ታዲያ መፍትሔ ፍለጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና የቡና መሬቶች ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲረግፍ ፍሬያቸውን ይዘው የቆሙትን ዛፎች እየለዩ ዘር ሰበሰቡ፣ ፈተኑ፣ ቁጥር ሰጡ። ዛሬ እስከ ሲዳማ ድረስ የሚለቀሙት የእነዚያ ዛፎች ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በዚያ ክፉ ቀን ጫካው ባይኖር ኖሮስ?

ጫካውን ያቆየው ሩቅነቱ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ኢሉባቦር ግን እንደሚባለው የተረሳ አገር አልነበረም። ጎሬ በዘመኗ የግሪክና የሶርያ ነጋዴ የሚውልባት ከተማ ነበረች፤ ቡናው ከዚያ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ የመንግሥቱ መቀመጫ የሆነችውም ጎሬ ናት፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እስከ ኅዳር 1929 ድረስ እዚያ ሆነው የአገሪቱን ስም ይዘው ቆይተዋል። (ይህን ታሪክ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ስንት ይሆን?) መቱ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የሆነችው በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ነጋዴም ጦርም ሹመኛም አልፎበታል፤ ጫካው ግን ቆመ።

ያቆመው ገበሬው ነው። ቡና ጥላ ይፈልጋል። ዋንዛውንና ቀረሮውን የቆረጠ ሰው ቡናውንም አጣ ማለት ነው። ከዛፉ ላይ ቀፎ ይሰቀላል፣ የገተማ ማር ይቆረጣል፣ ከሥሩ ቡና ይለቀማል። ይህ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚል ስም ሳይወጣለት የኖረ ጥበቃ ነው።

ስሙ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የያዮ ጫካ፣ ገባ ወንዝን ይዞ፣ ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዘገበ። ጠቅላላው 167,000 ሄክታር ያህል ሲሆን ምንም የማይነካው እምብርት 28,000 ያህል ነው። ዙሪያው መከለያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ ሰውን አላባረረም።

ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በሁለት ዓመቱ፣ በዚያው በያዮ ምድር የድንጋይ ከሰልና የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ተቋራጩ ሜቴክ ነበር። በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ያመርታል ተባለ። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ምኞቱ የሚናቅ አይደለም፤ ከሰሉም ከመሬቱ ሥር በእርግጥ አለ። ግን አንድ መንግሥት በአንድ እጁ «ይህ የባዮስፌር ክልል ነው» ብሎ ፈርሞ በሌላው እጁ ቆፋሪ ሲልክ፣ ሁለቱ እጆች ተነጋግረው ነበር ወይ? ቢሊዮኖች ፈሰሱ፣ ቡናቸውን ትተው የተነሱ ገበሬዎች ነበሩ፣ ፋብሪካው ሳያልቅ ቆመ። አንድ ኩንታል ዩሪያ አልወጣም። ከዚያው ከኢሉባቦር የወጣው የቡና ዘር ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ አገር ሲያበላ ኖሯል፣ ያለ አንድ የምረቃ ሪባን።

ለዘሩስ ምን ተከፈለ? አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከዘረመል ሀብቱ ጥቅም የመካፈል መብት እንዳለው ይናገራል። ወረቀቱ መልካም ነው። የሲዳማ ገበሬ 74110ን መትከሉን የሚቃወም የለም፤ ወንድም ከወንድም ዘር ይቀበላል። ግን ጫካ የሚጠብቀው ሰው የሚከፈለው ለለቀመው ፍሬ ብቻ ነው፤ ቡና ሲረክስ እሱም ይረክሳል። ያኔ ጥላው ይሳሳና በቆሎና ጫት ይገባል። ማን ይፈርድበታል?

ሌላም ጣጣ አለ። ገበሬው የተሻለ ምርት ሲፈልግ ከችግኝ ጣቢያ የተመረጠውን ዝርያ አምጥቶ ጫካ ውስጥ ይተክላል፤ ማደጉን የሚያግደውን ቁጥቋጦም ይመነጥራል። ከሚመነጠረው መካከል ማንም ያልፈተነው፣ ቁጥር ያልተሰጠው የዱር ቡና ቡቃያ ይገኝበታል። በቦታው የሚቆመው ደግሞ 74110 ነው።