ወረፋ ለድምፅ

ልጄ እየጎተተች ዋሽንግተን ወደሚካሄደው ኦታኮን የተባለ የጃፓን ካርቱን ጉባኤ ወሰደችኝ። ሰልፉ አያልቅም። ለካስ ሕዝቡ የተሰለፈው ለአንዲት የካርቱን ድምፅ ተዋናይት ፊርማ ኖሯል!

ጃፓኖች ይህን ሙያ ያከብሩታል። ማሳኮ ኖዛዋ ጎኩ ለሚባለው የካርቱን ጀግና ድምፅ መሆን የጀመሩት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰማንያን ካለፉም በኋላ ከማይክራፎኑ አልራቁም። ላርክ አን ሲኤል የተባለው የሮክ ቡድናቸውም በ2004 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉባኤ ላይ ተጋብዞ ዘፍኗል፤ ያኔ ጉባኤው ባልቲሞር ነበር።

እኔ ደግሞ የልጅነቴ የሬዲዮ ድራማ ትዝ አለኝ። ስንቱን ሌሊት ያስለቀሱኝን ሴት ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም። ማን አሰልፎን?

ማታውኑ ላመሰግናቸው ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«ዘገየህ» አሉኝ፤ «አምና ቀበርናቸው።»