71 ተማሪና አንድ ስላይድ

ባለፈው ስልጠና ላይ አሰልጣኛችን ስላይድ ከፍተው «ጥናቶች እንደሚያሳዩት የክፍል ተማሪ ብዛት በውጤት ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም» አሉን። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ የማስተምርበት ክፍል 71 ተማሪ አለው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚጽፉት፤ የሐዋሳን የመጋቢት ሙቀት ጨምሩበትና ገምቱት። የትምህርት ሚኒስቴር መስፈርት ራሱ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው የሚለው።

በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ የትኛው ጥናት ነው?» አልኳቸው። «የጆን ሃቲ ነው፣ ከ800 በላይ ሜታ አናሊሲስ አጠቃሎ የያዘ» አሉኝ። አልዋሹም። መጽሐፉ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው።

ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። ሜታ አናሊሲስ ማለት በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የጋራ አማካይ ማውጣት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አንድ ጥናት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ግን ሮስተር የምንሠራ ሰዎች አማካይ ምን እንደሚደብቅ እናውቃለን። አንዱ 20፣ ሌላው 80 ካመጣ አማካዩ 50 ነው፤ 50 ያመጣ ልጅ ግን የለም።

ሃቲ ስለ ክፍል ማሳነስ ሲያወራ የሚያስበው 25 ተማሪ ወደ 15 ሲወርድ ነው። በዚህ ጉዳይ ስሙ የሚነሣው፣ በ1985 አሜሪካ ቴነሲ የተጀመረው ሙከራም «መደበኛ ክፍል» ያለው ከ22 እስከ 25 ልጅ ያለበትን ነው። እኔ ጋ እኮ 25 ተማሪ የሚገኘው ዶፍ የጣለ ቀን ነው!

ሌላም አገኘሁ። ፓትሪክ ማክዋን በ2015 በታዳጊ አገሮች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ 77 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ክፍል ማሳነስ የተሻለ ውጤት ካሳዩት መካከል ነው። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የኔ ልጆች 11ኛ ክፍል ናቸው፤ እሱ ደግሞ ክፍል ማሳነስን ተማሪን በችሎታ ከመመደብ ጋር አንድ ላይ ነው የደመረው። አንደኛ የወጣው ቴክኖሎጂ መሆኑን ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ቲቪው ጥያቄ ይጠይቅና እኛ እንግሊዝኛውን ተርጉመን ሳንጨርስ ራሱ መልሶ ያልፍ ነበር።

በ2016 ኢቫንስና ፖፖቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ስድስት የጥናት ስብስቦችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። በስድስቱም ውስጥ የገቡት ጥናቶች ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? 3 ብቻ! ድስቱ ውስጥ የገባው ከተለያየ ወጡም መለያየቱ አይቀርም።

በማግስቱ አሰልጣኙን «ከእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል የተሠራ ስንት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና «እውነቱን ለመናገር አላየሁም» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው።

ከሰዓት ሁለተኛው ዙር ሲገባ በመስኮት አየሁ፤ ስላይዱ እንዳለ ነው።