የዓምደ ጽዮን ዘመቻ ከመርካቶ ሲታይ

ስለ ዓፄ ዓምደ ጽዮን በየገጹ የሚጻፈው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጀግናው ንጉሣችን አገር አቀና» ይላል፤ ሌላው «ወራሪው ሕዝባችንን ፈጀ» ይላል። ከዚያ ስድድቡ ይከተላል። የእኔ ውሎ መርካቶ ነው። የዘመተውም የተዘመተበትም ወገን ልጆች እዚህ ሱቅ ለሱቅ ተጎራብተው ይሠራሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንስተን ብንነጋገርበት ይሻላል።

ዓምደ ጽዮን የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ ነው፤ ከ1314 እስከ 1344 ነገሠ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ገና በንግሥናው መጀመሪያ፣ በ1316/17፣ ዳሞትን፣ ሐድያንና ጎጃምን አከታትሎ አስገበረ። በ1332 ደግሞ የሙስሊሙን የይፋት ግዛት ገዥ ሰብረዲንን ድል አደረገ። በግዕዝ የተጻፈው ዜና መዋዕሉ የሚተርከው ይህንን የኋለኛውን ዘመቻ ነው።

ለምን ዘመተ? ሃይማኖት አለበት፤ ዜና መዋዕሉ ራሱ ጦርነቱን የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። ነጋዴ ግን ሌላም ምክንያት ይታየዋል። ዳሞት ወርቅ ያለበት አገር ነበር። ከመሃል አገር ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ በባርነት የተያዘውም ሰው ሳይቀር ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በይፋት በኩል ነው። ከ1332 በፊትም የይፋቱ ገዥ ሐቀዲን ከካይሮ ሲመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ ይዞ ገድሎ ነበር። መንገዱን የያዘ ቀረጡን ይይዛል፤ ለዚህ ብዙ ደም ፈሷል።

እንዲህ ያለ ዘመቻ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የፖላንዱ ቦሌስዋቭ ሦስተኛ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችውን ፖሜራኒያን በጦር አስገበረ። በ1124 ጀርመናዊው ጳጳስ ኦቶ በእሱ ድጋፍ ሄዶ ሕዝቡን ማጥመቅ ጀመረ። በ1138 ቦሌስዋቭ ሲሞት ግን አገሩ በልጆቹ መካከል ተከፋፈለ፤ ምዕራባዊው ፖሜራኒያም ውሎ አድሮ ከፖላንድ እጅ ወጣ። የእሱንም የዓምደ ጽዮንንም ገድል የጻፉት ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የጻፉት ካሸነፈው ወገን ሆነው ነው።

ይህ ነገር አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይነካዋል። እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥንታዊ የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ለዓምደ ጽዮንና ከእሱ በኋላ ለነገሡት የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ይገኛሉ። የምንኮራበት ቋንቋ በጽሑፍ አፉን ከፈታባቸው ነገሮች አንዱ የድል ዘፈን ነው። የተሸነፈው ሰው ለቅሶ ግን ጸሐፊ አላገኘም።

ከዚያው ዘመን የተረፈ፣ ንጉሡ በራሱ አንደበት የሚናገርበት አጭር የግዕዝ ማስታወሻ አለ። እግዚአብሔር የዳሞትን ሕዝብ ከንጉሡና ከመኳንንቱ ጋር፣ ወንድ ሴት ሳይለይ በእጁ እንደሰጠው፣ እሱም ስፍር ቁጥር የሌለውን ሰው ወደ ሌላ አገር እንዳፈለሰ ይገልጻል። የሐድያንም ሕዝብ እንዲሁ። ሳነበው ሁልጊዜ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ በስም አልተጠራም።

አጠገቤ ያለው ነጋዴ የሆሳዕና ልጅ ነው። ጠዋት ስልኩ ይጮኻል፤ «አብሽር፣ ዛሬ ይጫናል» ይላል። ወዛደሮቹ ጆንያውን አይሱዙው ላይ ሲከምሩ እሱ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ የደንበኛውን ስም፣ የወሰደውንና የቀረበትን ይጽፋል። አንዱ ደንበኛ የደብረ ማርቆስ፣ አንዱ የሸዋ ሮቢት፣ አንዱ የሆሳዕና ሰው ነው፤ የጥንቱ ጎጃም፣ ይፋትና ሐድያ ማለት ነው። በዚያ ደብተር ላይ እያንዳንዱ ሰው በስሙ አለ። ያለ መያዣ ብዙ ሺህ ብር የሚበዳደሩት ስለሚተማመኑ ነው።

መርካቶን ላሳምር ብዬ አይደለም። እሷም የወረራ ልጅ ናት፤ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ የአገሬውን ሰው ከአራዳ ለይተው ያቋቋሟት ገበያ ናት። የዛሬዋን መርካቶ ያደረጓት ግን ከየአቅጣጫው መጥተው የነገዱባት ሰዎች ናቸው።

ወደ ዘመቻው ልመለስ። ጦርነቱ የቱን ያህል ዘለቀ? ዓምደ ጽዮን ሰብረዲንን አሥሮ ወንድሙን ጀማለዲንን ሾመ፤ እሱም ከዳ። ጠቡ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በ1529 ሽምብራ ቁሬ ጦርነት ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ድሉ የሙስሊሞቹ መሪ የኢማም አሕመድ ሆነ፤ የተቃጠለውና የተማረከውም የክርስቲያኑ ንጉሥ ወገን። በመሃል ደግሞ የሐድያው ገራድ ልጅ እሌኒ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ ከ1508 ጀምሮ ገና ልጅ በነበረው በንጉሥ ልብነ ድንግል ስም አገር አስተዳደረች፤ አርመናዊውን ነጋዴ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ አድርጋ ላከች። ታዲያ እሌኒ የማን ናት? የአሸናፊው ወይስ የተሸናፊው?

የምለምናችሁ ይህንን ነው። ድሉን ስትጽፉ የፈለሰውን ሕዝብ አትዝለሉት፤ እሱም ያው ታሪካችን ነው። በደሉን ስትጽፉ ደግሞ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈውን ዕዳ ዛሬ ጎናችሁ ሱቅ ከፍቶ በሚሠራ ሰው ስም አትመዝግቡት። ልጆቻችን ሁለቱንም አብረው ይማሩ። ግማሹን ብቻ የሰማ ልጅ ነገ ለሌላ ዘመቻ የሚነሳ ነው።