የአያቴ ቤት ሲሚንቶ

ባለፈው ሐምሌ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሜሪላንድ ወደ ቢሾፍቱ ሄድኩ። አጎቴ ለአያቴ ቤት እያሠራ ነበር። እኔም ሠርቼ ካጠራቀምኩት ገንዘብ 10 ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ። ዋጋው ቀነስ ስላለ በጣም ደስ አለኝ።

ፎርማኑ ግን ከረጢቱን አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ለልስን ይሁን። ለኮለኑ አጎትህ ያመጣውን እንጠቀማለን» አለኝ። ኮለን ማለት ቤቱን የሚሸከም የአርማታ ምሰሶ ነው።

«የፋብሪካው ስም አንድ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስሙ አንድ ነው። ያንተ ፒፒሲ 32.5 ነው፤ የእሱ ኦፒሲ 42.5።»

ቁጥሩ ሲሚንቶው በ28 ቀን የሚደርስበትን ጥንካሬ ያሳያል። ፒፒሲ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ተፈጭቶ ይገባል። መጥፎ ሲሚንቶ አይደለም፤ ለግንብና ለልስን ተስማሚ ነው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ቀስ ብሎ ነው።

ከዚያ ፎርማኑ እጄን ከረጢቶቹ ውስጥ እንድከት አደረገ። የአጎቴ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የእኔ ግን ጓጉሏል፤ በጣቴ ብጫነውም አልፈርስ አለ። የቀሩትን ከውጭ እየተጫንን ፈተሽን። በጠቅላላው ሦስቱ ተበላሽተዋል። ባለሱቁ በዚያ ክረምት እርጥብ ወለል ላይ ደርድሯቸው ኖሯል። ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው ከረጢቱ ውስጥ እያለ መጠንከር ይጀምራል።

ገንዘቤ አሳዘነኝ። «ነፍተን ከጥሩው ጋር ብንደባልቀውስ?» አልኩ።

አጎቴ አልተቆጣኝም። «የኔ ልጅ፣ እናቴ ከሥሩ ነው የምትተኛው» አለኝ።

ሦስቱን ጣልን። ሰባቱን ከመሬት ከፍ አድርገን ጣውላ ላይ አስቀመጥን።

በማግስቱ አርማታው ተቦካ፦ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር። ቶሎ እንዲላላ ብዬ ውሃ ልጨምር ስል ፎርማኑ እጄን ያዘኝ። ውሃ ከበዛ ጥሩው ሲሚንቶም ይደክማል።

እናንተም ቤተሰቦቻችሁ ቤት ሲሠሩ ከደረሳችሁ፣ የፋብሪካውን ስም ብቻ አትዩ። ዓይነቱን፣ ቁጥሩንና የተመረተበትን ቀን አንብቡ። የት እንደተቀመጠም ጠይቁ።

ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት ኮለኑን ጠዋትና ማታ ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። አያቴ አይታኝ፣ «አትክልት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«አይ እማማ፣ እንዲጠነክር ነው» አልኳት።