ካርታው ወይስ ማሽኑ?

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። የራሳችሁን ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች የሚበዛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ቲቸር፣ ማሽኑን ተበድሬ ልግዛ ወይስ በሊዝ ልውሰድ?» ለእያንዳንዳችሁ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ፣ አንዷ ተማሪዬ ፈቅዳልኝ የእሷን ጉዳይ ይዤ ላስረዳ። ስሟን አልጠራም፤ ቁጥሩ ግን የራሷ ነው።

ልጅቷ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዳቦ ቤት ተቀጥራ አራት ዓመት ሠርታለች። በዚያ ብርድ ሊጥ በስንት ሰዓት ኩፍ እንደሚል፣ ዱቄት ከማን እንደሚገዛ፣ ጠዋት የትኛው ሱቅ ስንት ዳቦ እንደሚረከብ ታውቃለች። የሌላት ማሽን ነው። ለሊጥ ማቡኪያውና ለመጋገሪያው ያመጣችው ፕሮፎርማ 500,000 ብር ይላል። ከደሞዟና ከዕቁብ ያጠራቀመችው 100,000 ብር አላት። የቀረው 400,000 ነው።

ሁለት በር ተከፈተላት። አንደኛው ባንክ ነው፤ 400,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ፣ በሦስት ዓመት የሚከፈል፣ የእናቷን ቤት ካርታ አስይዛ። ሁለተኛው የካፒታል ዕቃ አከራይ ድርጅት ነው፤ 20 በመቶውን እሷ ትከፍላለች፣ 80 በመቶውን ድርጅቱ ሸፍኖ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣታል፣ በሦስት ዓመት ከፍላ ትጨርሳለች። ወለዱ እዚህም «15 በመቶ» ነው። ካርታ አይጠይቁም፤ ዋስትናው ማሽኑ ራሱ ነው። የሁለቱንም ወረቀት ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ሁለቱም 15 ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አይተው ይንገሩኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። እኛ አገር «ሊዝ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት መሬት ነው። የማሽን ሊዝ ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ ነገርም አይደለም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103 የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው፣ በ2005 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በዚሁ መንገድ ማሽን ያቀርባል፤ በየክልሉም ይህንኑ ሥራ ብለው የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ «ሊዝ ማታለያ ነው» የምትሉኝ ልጆች እሱን ተዉት። ማየት ያለባችሁ ውሉን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። «15 በመቶ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትመኑ። ጥያቄው 15 በመቶው የሚሰላው በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው የሚል ነው። ባንኩ የሚያሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር 400,000 ብር ዕዳ ስላለባት ወለዷ 5,000 ብር ነው፤ ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። ወርሃዊ ክፍያዋ 13,866 ብር ይመጣል። በ36 ወር የምትከፍለው ወለድ ሲደመር 99,000 ብር ገደማ ነው።

አከራዩ ድርጅት የሚያሰላው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ400,000 ላይ ነው። ቀላል ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ 400,000 ሲባዛ በ15 በመቶ፣ ሲባዛ በ3 ዓመት፣ 180,000 ብር። ዋናውን ጨምረን ለ36 ስናካፍለው በወር 16,111 ብር። በመጨረሻው ወር ከዋናው ዕዳ የቀራት 11,111 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የምትከፍለው ወለድ ግን አሁንም 5,000 ነው። ይህን ባንኩ በሚያሰላበት መንገድ ብንለውጠው 15 ሳይሆን ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። ወረቀቱ ላይ ሠርቼ ሳሳያት ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እንዴ ቲቸር፣ ታዲያ ለምን 15 ይሉኛል?» አለች። ውሸት አልነገሯትም። እሷም ስትጠይቅ «በስንት በመቶ ነው?» አለች እንጂ «በምን ላይ ነው?» አላለችም። እናንተ ግን ጠይቁ። የክፍያ ሠንጠረዡን በወር በወር ተዘርዝሮ በወረቀት እንዲሰጧችሁ አድርጉ፤ «ሲስተሙ ያወጣዋል» ቢሏችሁ ሲስተሙ እስኪያወጣው ጠብቁ።

ስለዚህ የሊዙ መንገድ በ81,000 ብር ይወደዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ ብድሩ ይሻላል» ብሎ ይነሳል። እኔ አልተነሳሁም፤ ምክንያቱም ያንን ቤት አውቀዋለሁ። እናቷ ብቻቸውን ያሳደጓቸው ሦስት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ገና ተማሪ ናቸው። ከግቢው ፊት ለፊት ያለችው አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ የወር አስቤዛው ከዚያ ነው። ቤቱ መኖሪያም ነው፣ ደሞዝም ነው።

ባንክ ካርታ ይዞ ብድሩ ሳይከፈለው ቢቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ በግልጽ ይታወቅ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት መክሰስ ሳያስፈልገው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ይህ የባንክ ክፋት አይደለም፤ ያበደረው የሕዝብ ተቀማጭ ነው። ነገር ግን አዲስ ዳቦ ቤት በመጀመሪያው ዓመት ሊገጥመው የሚችለውን አስቡት። ዱቄት ይወደዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ የኪራይ ቤቱ ባለቤት «ልጄን ልድርበት ነው፣ ልቀቁ» ይላል። በዚህ መሃል አራት አምስት ወር ቢያመልጥ የሚሄደው የማን ቤት ነው?

በሊዙ በኩል ቢያመልጣት የሚወሰደው ማሽኑ ነው። ያማል፤ የከፈለችው 100,000ም አደጋ ላይ ነው። ግን ማታ እናቷና ወንድሞቿ የሚተኙበት ቤት አለ፤ ክፍሏም ትከራያለች።

እንግዲህ ጥያቄውን ለእሷ ያቀረብኩላት እንዲህ ነው። በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ያለው ልዩነት በወር 2,245 ብር ነው። በቀን ሲካፈል 75 ብር አይሞላም። የእናትሽ ካርታ እቤት ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ በቀን 75 ብር ትከፍያለሽ ወይ? እሷም ወዲያው በዳቦ ቆጠረችው፤ በአንድ ዳቦ የሚተርፋትን ይዛ ስታካፍለው ከአንድ ሱቅ የጠዋት ርክክብ የማይበልጥ ሆነ። ልጅቷ ሒሳብ ላይ ያን ያህል አልነበረችም፤ ዳቦ ሲሆን ግን ካልኩሌተር አትፈልግም።

አስቸጋሪዋ እትዬ ነበሩ፣ እናቷን ማለቴ ነው። እቤት ድረስ ሄጄ ሳስረዳቸው ካርታውን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መምህር፣ ለልጄ ያልሆነ ካርታ ለማን ሊሆነኝ ነው? 80 ሺህ ብር በነጻ ትክፈል ይላሉ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው 80 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔም አልተከራከርኩም፤ «እትዬ፣ ካርታው የእርሷ ብቻ ነው ወይስ የሁለቱ ልጆችም?» ብቻ ነው ያልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አልመለሱልኝም። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ካርታውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት።

ይህ ማለት ግን ሊዝ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ብላችሁ እንዳትጠቅሱኝ። ሌላ ተማሪዬ እንጨት ሥራ ነው። እሱ የሚፈልገው መርካቶ ያገኘውን ያገለገለ ማሽን ነበር፤ የጠየቀው አከራይ ደግሞ አዲስ ዕቃ ከታወቀ አቅራቢ ካልሆነ አይገዛም። ለእሱ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ትንሽ ብድር ወስዶ ያገለገለውን መግዛት ነው ያዋጣው፣ ጨርሶታልም። ሥራው የቆመና ገቢው የታወቀ ሰው፣ ወይም ቤት ሳይሆን ሌላ የሚያስይዘው ያለው ሰው ብድሩን ቢመርጥ አልቃወምም። ከ2011 ጀምሮ እኮ በአዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንም፣ ተሽከርካሪም፣ ከብትም፣ ሰብልም ሳይቀር በዋስትና ተመዝግቦ መበደር በሕግ ተፈቅዷል። አበዳሪው ቢሮ ስትገቡ መጀመሪያ «ካርታ አላችሁ?» ቢሏችሁም፣ እናንተ «ተንቀሳቃሽ ንብረት ትይዛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወለድ ላለመንካት የምትፈልጉ ሙስሊም ተማሪዎቼ ደግሞ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ጋ ሂዱ። ሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሯችሁ በጊዜ የሚሸጥላችሁ ነው፤ ኢጃራ ደግሞ የሚያከራያችሁ። እዚያም ቢሆን ጠቅላላ የምትከፍሉትን ደምሩ፤ መደመር ሐራም አይደለም።

ሊዙን ከመረጣችሁ ውሉ ውስጥ የማየው መጀመሪያ ዓይነቱን ነው። «ዱቤ ግዢ» ከሆነ በየክፍያው የባለቤትነት ድርሻው ወደ እናንተ እየተላለፈ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋን ስትከፍሉ ማሽኑ የእናንተ ነው። «የፋይናንስ ኪራይ» ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ባለቤቱ አከራዩ ነው፤ እናንተ መጨረሻ ላይ የመግዛት ምርጫ ነው ያላችሁ። በሠላሳኛው ወር ላይ ችግር ቢመጣ ይህ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። የእሷን ውል ሳነብ አንድ ገጽ ላይ «ዱቤ ግዢ»፣ ሌላ ገጽ ላይ «ኪራይ» ይላል። እንዲያስተካክሉት ጠይቃ አስተካከሉላት። አኮረፉ ግን አስተካከሉ።

ከዚያ በሁለቱም መንገድ ኢንሹራንሱና ጥገናው በማን እንደሆነ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእናንተ ነው፣ ስለዚህ የወሩ ሒሳብ ላይ ደምሩት። ማሽኑን ያለ አከራዩ ፈቃድ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ትችሉ እንደሆነም ጠይቁ፤ የኪራይ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ደግሞ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ማለፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በፊት ማሽኑ እጁ የገባ ሰው ዕዳው በብር ስለሆነ አልጨመረበትም። ፕሮፎርማ ብቻ ይዞ የነበረ ሰው ግን የያዘው ወረቀት ነበር። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ፣ እስኪገባ ድረስ ዋጋው ቢጨምር ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም ይጻፍ። የልጅቷ ማሽን አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ያለ ስለሆነ ከዚህ ተርፋለች።

ያልተረፈችበት መብራት ነው። መጋገሪያው ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይፈልጋል፤ የተከራየችው ቤት ያለው ነጠላ ነው። ማመልከቻ አስገብታለች፣ መቼ እንደሚገባላት የነገራት የለም። አከራዩ የሦስት ወር የእፎይታ ጊዜ ሰጥቷታል፤ ውሉ ላይ ግን የሚቆጠረው ማሽኑን ከተረከበችበት ቀን ነው ይላል። ቆጣሪው ሦስት ወር ቢዘገይ አንድ ዳቦ ሳትጋግር 16,111 ብር መክፈል ትጀምራለች ማለት ነው። እሷ የጠየቀችው፣ ማሽኑ ተተክሎ ከተሞከረበት ቀን ይቆጠርልኝ፣ በእፎይታው ጊዜ ደግሞ ወለድ ይታሰብብኝ አይታሰብብኝ በጽሑፍ ይነገረኝ የሚል ነው። ደብዳቤውን አብረን ነው የጻፍነው። ፊርማው የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እስከ ዛሬ ማታ መልስ አልሰጧትም፤ ካልሰጧት አትፈርምም።

በዱቤ ግዢ ማሽን የወሰዳችሁ ካላችሁ፣ የእናንተ የእፎይታ ጊዜ ከየትኛው ቀን እንደተቆጠረ ከታች ጻፉልኝ። እሷም ታነበዋለች።