በዓለም ከተማ ቤት ስለ መግዛት

ከአዲስ አበባ ወደ መርሐቤቴ የሚጓዝ ሰው ሙከጡሪንና ለሚን አልፎ፤ ጥልቁን የጀማ ሸለቆ ወርዶ ከወጣ በኋላ ዓለም ከተማን ያገኛል። በዚያም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ፤ እኩል እንጨትና ቆርቆሮ የወጣባቸው ሁለት ቤቶች በሰፈራቸው ምክንያት ዋጋቸው አይተካከልም።

የከተማ ቦታ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ በውሉ የሚጻፈው የቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ገዥው ለመንገዱ፤ ለውሃውና ለገበያው ቅርበት ጭምር ይከፍላል።

ከዳር ያለው ቤት ይረክሳል፤ ዳሩ ግን ውሃ የምትቀዳ እመቤትና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ቀሪውን ዕለት ዕለት በእግራቸው ይከፍሉታል። እንግዲህ ቤት የሚገዛ አባወራ ዋጋውን ከመቍረጡ በፊት፤ የውሃውን መንገድ ከባለቤቱ ጋር አንድ ጊዜ ይሂድበት።