ሁለት ዓይን ያለው ካሜራ

ሮሌይኮርድ ሁለት ዓይን አለው። የላይኛው ሌንስ ለኛ ያሳያል፣ የታችኛው ለፊልሙ። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው እኩል ወደፊትና ወደኋላ ስለሚሄዱ፣ ከላይ ጥርት ብሎ የታየ ነገር ፊልሙም ላይ ጥርት ማለት አለበት። ጀርመኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ሲሠሩት ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጣጣው ሁለቱ ዓይኖች ካልተስማሙ ነው፤ አንሺው የሚያምነው የላይኛውን ብቻ ነዋ።

የኔው ያገለገለ ነው። ዲላ ከተማ ውስጥ በቀትር ሳነሳበት እንከን አልነበረውም። ፀሐይ ሲበዛ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 11 ወይም 16 እናጠባለን፤ ያኔ የቅርቡም የሩቁም ጥርት ስለሚል የካሜራው ጉድ ይሸፈናል። ጉዱ የሚወጣው ጥላ ውስጥ ነው። ጌዴኦ ደግሞ የጥላ አገር ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር ራሱ በደርብ በደርብ የተሠራ ነው፦ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰትና ቡና። እዚያ ውስጥ ሌንሱ እስከ 3.5 ካልተከፈተ ብርሃን አይበቃም። ሲከፈት ደግሞ፣ ከ2 ሜትር ርቀት፣ ጥርት የሚለው ስፋት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።

አያቴ ያላት ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። ወናጎ አጠገብ ካለው ጓሮዋ አስቀምጬ፣ ዓይኗ ላይ አስተካክዬ፣ አንድ ሙሉ ፊልም፣ 12 ፎቶ አነሳኋት። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስ እሷ ብዥ ብላለች፤ ከኋላዋ ያለው እንሰት ግን የቅጠሉ ጅማት ይቆጠራል።

«እንሰቱን ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለችኝ።

መልሱ እሷው አፍ ውስጥ ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ ቢሆን እንሰቱም ብዥ ይል ነበር። ሌንሱ ቢበላሽ ምንም ጥርት አይልም። 12ቱም ላይ ጥርት ያለው ያው እንሰት ነው። ጓሮው በደርብ ስለተተከለ እንደ ማስመሪያ አገለገለኝ፦ ካሜራው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ያያል።

ፊልም ሳላስገባ ጀርባውን ከፈትኩ። ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ስኮች ወጥሬ ለጠፍኩ፣ ሹተሩን «ቢ» ላይ አድርጌ ክፍት ያዝኩት። 2 ሜትር ላይ የተቀመጠ የቡና ጆንያ ጽሑፍ ከላይ ጥርት ሲል ስኮቹ ላይ ብዥ ይላል። ከዚያ ሌንሱን ወደ መጨረሻው ርቀት ወሰድኩት፤ የሩቁ ተራራ ስኮቹ ላይ ጥርት አለ፣ ከላይ ግን እምቢ። ስለዚህ የታችኛው ዓይን ጤነኛ ነው፣ የሚዋሸው የላይኛው ነው።

የላይኛውን ክዳን ብሎኖች ፈታሁ። ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት አንድ ጎኑ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ምስሉን የሚይዘው ሻካራው ነው፤ ወደ ታች መዞር ሲገባው ወደ ላይ ዞሯል። ከኔ በፊት አንድ ሰው ሊያጸዳው አውጥቶ ገልብጦ መልሶታል። የመስታወቱ ውፍረት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 2 ሜትር ላይ ግን ፎከሱን ከግማሽ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ገልብጬ መለስኩት፣ ስኮቹን እንደገና ለጠፍኩ፤ ሁለቱም ዓይኖች የጆንያውን ጽሑፍ እኩል አነበቡ።

ያገለገለ እንዲህ ያለ ካሜራ ለሚገዛ ሰው ምክሬ ይኸው ነው፦ የመጀመሪያው ፊልም ሳይገባ በፊት ስኮቹ ይቅደም።

በሁለተኛው ፊልም አያቴ ራሷን አገኘች። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዛ ቆየችና የፊቷን ሰጥታኝ፣ «ይኼን ግድግዳው ላይ ስቀልልኝ» አለች። «የእንሰቱንም እንዳትጥለው፣ እኔ ነኝ የተከልኩት።»